«ያለ ቀዶ ጥገና» የሚባለው የአንገት መርፌ፦ ፈውስ ነው ወይስ መጠየቂያ?

ጎጃም ውስጥ ማጅራቱን የሚያመው ሰው አማካሪ አያጣም። ወጌሻው «ሥርህ ዞሯል» ብሎ በቅቤ ያሸዋል፤ ጎረቤት «ብርድ ነው፣ ተሸፋፈን» ይላል፤ መድኃኒት ቤት ጎራ ካለም ኪኒን ወይም መርፌ ይዞ ይመለሳል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የእጅ ስልኩ ሌላ ምክር ጨምሮለታል። የዲስክና የአንገት ሕመም «ያለ ቀዶ ጥገና፣ በመርፌ ብቻ» ይድናል የሚሉ አጫጭር ቪዲዮዎች በዝተዋል። ሐኪሙ ስክሪን እያየ ቀጭን መርፌ ያስገባል፤ ታካሚው ከአልጋው ተነሥቶ አንገቱን ግራና ቀኝ ያዞራል፤ ፈገግ ይላል፤ ቪዲዮው ያበቃል።

በሌላ በኩል፣ ቢኤምጄ የተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ያወጣው መመሪያ እነዚህኑ መርፌዎች ሥር ለሰደደ የአንገትና የጀርባ ሕመም እንዳይሰጡ አጥብቆ መክሯል። ሁለቱንም የሰማ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ፣ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዝ፣ ለመሳፈሪያውና ለማደሪያው ጤፉን ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከወሬ ያለፈ ነው። ነገሩን ለመፍታት መጀመሪያ መርፌው ራሱ ምን እንደሆነ መለየት ይገባል፤ በአንድ ስም የሚጠሩት ብዙ ናቸውና።

«የነርቭ መርፌ» የትኛው ነው?

«ሥር» በአማርኛ ብዙ የተጫነበት ቃል ነው። ደም የሚያመላልሰው ቧንቧም፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረው ጅማትም፣ ስሜትን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭም በሰው አፍ «ሥር» ነው። «ነርቭ አለብኝ» የሚል ሰውም አንዳንዴ መደንዘዝን፣ አንዳንዴ ቁጡነትን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ በሽታን ማለቱ ነው። መርፌውም በዚሁ ውዥንብር ውስጥ ወድቋል።

ብዙ ሰው «የነርቭ መርፌ ተወጋሁ» ሲል መቀመጫው ላይ የተወጋው የቢ ቫይታሚን መርፌ ነው። ይህ ቫይታሚኑ ላነሰው ሰው ይጠቅማል፤ የሚያግደው ነርቭ ግን የለም። ሌላው ዳይክሎፌናክ ነው፤ አንዳንዴም ዴክሳሜታዞን ይታከልበታል። እነዚህ በደም ገብተው መላ ሰውነት ውስጥ ሕመምንና ብግነትን የሚያበርዱ ስለሆኑ መርፌው የሚወጋው ከሚያመው ቦታ ርቆ ነው።

የነርቭ ማገጃ መርፌ፣ በብዙ ክሊኒኮች አጠራር «ነርቭ ብሎክ»፣ ከእነዚህ ይለያል። ቦታው ከመድኃኒቱ እኩል ዋጋ አለው። ማደንዘዣ ተመርጦ በተለየ አንድ ነርቭ አጠገብ ይፈስሳል፤ ነርቩ ውስጥ አይገባም። ጥርሱን ሲያስነቅል ድዱ የደነዘዘ ሰው የዚህን ዘመድ ያውቀዋል። በቀዶ ጥገና ስትወልድ ጀርባዋ ላይ ተወግታ ከወገብ በታች የደነዘዘች እናትም እንዲሁ። የሰመመን ባለሙያዎች ለእጅና ለክንድ ቀዶ ጥገና አንገት ሥር ላይ ነርቭ ያግዳሉ። ያ ሥራ ግን ዓላማው ሌላ ነው፤ ለቀዶ ጥገናው ሰዓት ክንዱን ማደንዘዝ ብቻ። በአንገት ሕመም ሕክምና የሚፈለገው ከዚያ ይልቅ ጠባብ ነገር ነው፤ ከብዙ ትናንሽ ነርቮች መካከል የትኛው ሕመሙን እያቀበለ እንደሆነ ማወቅ።

ሕመሙ ከየት ይነሣል?

አንገት ሰባት አጥንቶች አሉት። ከላይኞቹ ሁለቱ መሐል በስተቀር በየመካከላቸው ዲስክ የሚባል ትራስ መሰል ነገር አለ። ከኋላ፣ በግራና በቀኝ፣ አንዱ አጥንት ከሌላው የሚጋጠምባቸው ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ይገኛሉ። በመሐላቸው ሕብለ ሰረሰር ይወርዳል፤ ከእሱም ስምንት ጥንድ ነርቮች ወደ አንገት፣ ወደ ትከሻና ወደ እጅ ይወጣሉ።

ለሕክምናው የሚያስፈልገው የመጀመሪያ መለያ ሕመሙ የት ድረስ እንደሚሄድ ነው። አንዱ ዓይነት አንገት፣ ማጅራትና ትከሻ ላይ ይቀራል፤ አንዳንዴ ወደ ራስ የኋላ ክፍል ይወጣና ራስ ምታት ይመስላል። ሌላው ዓይነት እንደ መብረቅ በክንድ ላይ ይወርዳል፤ ጣቶችን ያደነዝዛል ወይም ይነዝራል። ስድስተኛው የነርቭ ሥር ሲጨመቅ ብዙ ጊዜ አውራ ጣት፣ ሰባተኛው ሲጨመቅ መሐል ጣት ይደነዝዛል። ከሦስት ወር ያለፈውን ሕመም ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል።

ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ጤፍ የሚያርም ገበሬ፣ መቶ ኪሎ ኩንታል ማጅራቱ ላይ የሚያሳርፍ ጫኝና አውራጅ፣ በኮብልስቶን ላይ የሚናጥ የባጃጅ ሹፌር፣ ከስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ የሚውል ልብስ ሰፊ፣ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ፤ ሁሉም ይህን ሕመም ያውቁታል። ሥራው ብቻውን በሽታውን ፈጠረው ማለት ግን አይቻልም። በዚያው ሥራ ሃያ ዓመት ኖረው አንገታቸውን የማያማቸው ሞልተዋል።

እዚህ ላይ ሰውን በጣም የሚያሳስተው የኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል) ወረቀት ነው። «ዲስክ ወጥቷል» የሚል ውጤት የተቀበለ ሰው የሕመሙ ምንጭ ተገኘ ብሎ ይደመድማል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የጃፓን ጥናት ግን ምንም ሕመም የሌላቸው 1,211 ጤነኛ ሰዎች አንገታቸው በኤምአርአይ ታይቶ ከመቶ 87.6 በሚሆኑት ላይ የዲስክ መውጣት ተገኝቷል። ሽበት ያለበትን ሁሉ ሽበቱ አሳመመው እንደማይባል ሁሉ፣ የወጣ ዲስክ ያለበትም ሁሉ ዲስኩ አሳመመው አይባልም። የነርቭ ማገጃ መርፌ እዚህ የሚያገለግለው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ምስሉ ያልነገረንን ነርቩን ራሱን ለመጠየቅ።

መርፌው እንዴት ይጠይቃል?

ሊዶኬይን ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1943 የተሠራ ማደንዘዣ ነው። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው ሶዲየም ወደ ውስጡ በሚገባባቸው ጥቃቅን በሮች ሲሆን፣ ማደንዘዣው በሮቹን ለጊዜው ይዘጋቸዋል። ሊዶኬይን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ ቡፒቫኬይን የተባለው ደግሞ ለብዙ ሰዓት። ከዚያ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ሕመሙም ይመለሳል።

ታዲያ ለሁለት ሰዓት የሚቆይ ነገር ለዓመታት የቆየን ሕመም ምን ያደርገዋል? መልሱ የሚገኘው በመጠየቂያነቱ ነው። ሐኪሙ አንዱን የአንገት መገጣጠሚያ ከጠረጠረ፣ የዚያን መገጣጠሚያ ስሜት የሚወስደውን ትንሽ ነርቭ በግማሽ ሚሊ ሊትር ገደማ ማደንዘዣ ያግደዋል። መጠኑ ያነሰው ሆን ተብሎ ነው፤ ብዙ ከፈሰሰ ወደ ጎረቤት ነርቮች ይዛመትና መልሱን ያደበላልቀዋል። ሕመሙ በዚያ ሰዓት ከጠፋ ምንጩ ያ መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል። ካልጠፋ ሌላ ቦታ መፈለግ ነው።

«ሊሆን ይችላል» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ መርፌ ከመቶ 27 ያህል ጊዜ የተሳሳተ «አዎን» ይሰጣል። ሰው መርፌ በመወጋቱ፣ ሐኪም በማግኘቱና ተስፋ በማድረጉ ብቻም ሕመሙ ይቀልለታል። ስለዚህ ጥንቁቅ የሆነ ሐኪም በሌላ ቀን ይደግመዋል፤ አንዴ በሊዶኬይን፣ ሌላ ጊዜ በቡፒቫኬይን። ታካሚው የትኛው እንደተሰጠው ሳያውቅ፣ ሕመሙ የቆመበት ርዝማኔ ከመድኃኒቱ ዕድሜ ጋር ከገጠመ መልሱ ይታመናል። ታካሚው በየሰዓቱ ሕመሙን ከአሥር ስንት እንደሆነ እንዲጽፍ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

ይህን የተረዳ አንባቢ ወደ ቪዲዮዎቹ ቢመለስ አንድ ነገር ያስተውላል። ታካሚው ፈገግ ብሎ አንገቱን ሲያዞር የተቀረጸው ማደንዘዣው ገና ባልለቀቀበት ሰዓት ነው። ያ ምስል የምርመራ ውጤት ነው፤ የሕክምና ውጤት ተደርጎ ቀርቧል።

ስቴሮይድና ሙቀት

አንዳንድ ክሊኒኮች ከማደንዘዣው ጋር ስቴሮይድ ይጨምራሉ። ስቴሮይድ ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ ተስፋ የሚደረገውም የማደንዘዣውን ጥቂት ሰዓት ወደ ሳምንታት እንዲያራዝም ነው። በአንገት መገጣጠሚያ ውስጥ ሲሰጥ ግን ተስፋው ተፈትኖ አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ከመኪና አደጋ በኋላ አንገታቸውን ያመማቸውን 41 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ስቴሮይድ፣ ለግማሾቹ ማደንዘዣ ብቻ ሰጠ። ከሕመማቸው ግማሹ እስኪመለስ የፈጀው መካከለኛ ጊዜ ለስቴሮይዱ 3 ቀን፣ ለማደንዘዣው 3 ቀን ተኩል ነበር።

በተመረጡ ሰዎች ላይ ረዘም ያለ ውጤት ያሳየው ሌላ ዘዴ ነው፤ በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ነርቩን መተኮስ። የመርፌው ጫፍ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሶ ለአንድ ደቂቃ ወይም ለትንሽ አለፍ ያለ ጊዜ ይቆያል፤ ነርቩም መልእክት ማስተላለፉን ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 24 ሰዎችን ይዞ፣ ግማሾቹን በእውነተኛ ሙቀት አክሞ፣ ለቀሩት መርፌውን አስገብቶ ሙቀቱን ሳይለቅ ሠርቷል። ከሕመሙ ግማሹ እስኪመለስ በመጀመሪያዎቹ 263 ቀን፣ በኋለኞቹ 8 ቀን ፈጀ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን እነዚያ 24 ሰዎች በተደጋገመ የማገጃ መርፌ ተፈትነው፣ ምንጩ የታወቀላቸው ብቻ ናቸው። ነርቩም መልሶ ስለሚያድግ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሕክምናውም ይደገማል።

ከራስ ቅል ግርጌ በሚያልፈው ነርቭ ላይ የሚሰጠው መርፌም አለ። ከቆዳ ብዙም ስለማይርቅ ቀላል ነው፤ ከአንገት ለሚነሣ ራስ ምታት ይሞከራል፤ እፎይታው ግን ብዙ ጊዜ የሳምንታት ነው።

መመሪያውና ተቃዋሚዎቹ

ወደ 2025ቱ መመሪያ እንመለስ። ያዘጋጁት ሰዎች 81 ጥናቶችንና 7,977 ታካሚዎችን ያካተተ ንጽጽር ላይ ተመሥርተው ነው። ማስረጃው ጠንካራ ጥቅም አላሳየም፤ ሕክምናው ገንዘብና ጊዜ ይበላል፤ ጉዳቱ ብርቅ ቢሆንም ከባድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥር በሰደደ የአንገትና የጀርባ ሕመም፣ ሙቀቱንም ጨምሮ፣ አትስጡ አሉ። መመሪያው ካንሰርን፣ መገጣጠሚያን የሚያቃጥሉ በሽታዎችንና ድንገተኛ ሕመምን አይመለከትም።

የሕመም ሕክምና ስፔሻሊስቶች ማኅበራት አጥብቀው ተቃወሙ። ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ምንጩ በትክክል የተለየለትንና ያልተለየለትን ታካሚ፣ ዘመናዊውንና ያረጀውን አሠራር አንድ ላይ ቀላቅሎ አማካይ ማውጣት፣ ለጥቂቶች የሚሠራውን ለሁሉም የማይሠራ ያስመስለዋል። ደካማ ማስረጃ ላይ ጠንካራ ክልከላ መቆሙንም ይነቅፋሉ። በሌላ ወገን ደግሞ ተቃዋሚዎቹ ከዚህ ሥራ የሚተዳደሩ መሆናቸው ይጠቀስባቸዋል። ይህ ብቻውን ክርክራቸውን ውድቅ ባያደርገውም ሊዘነጋ አይገባም።

ሁለቱ ወገኖች የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። መመሪያው አንገቱን ለሚያመው ሰው በአማካይ ይጠቅማል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ስፔሻሊስቱ በጥንቃቄ ለተመረጠው ይጠቅማል ወይ ብሎ። ማስታወቂያው ግን በሁለቱም ወገን ድጋፍ የለውም። ከመጀመሪያው ቀን፣ ያለ ፈተና መርፌ፣ ለማንኛውም «ዲስክ» ላለበት ሰው ስቴሮይድ መስጠትን ከተከራካሪዎቹ የሚያሞግስ የለም። ለዚህ ጸሐፊ ሚዛን የሚደፋውም ይህ ነው። ምርጫውን በትክክል የሚያደርግ ክሊኒክ እስካልተገኘ ድረስ፣ ጎጃም ውስጥ ላለ ታካሚ የመመሪያው ምክር ለእውነቱ ይቀርባል።

አደጋው የት ላይ ነው?

አንገት ጠባብ ሰፈር ነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ቧንቧዎች በአጥንቶቹ መሐል ያልፋሉ። ጥቂት ማደንዘዣ በስሕተት እዚያ ውስጥ ቢገባ በሰኮንዶች ውስጥ ሰውነት ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ስለዚህ መርፌው በአልትራሳውንድ ወይም ሲ-አርም በሚባለው ተንቀሳቃሽ የራጅ መሣሪያ እየታየ፣ ኦክስጅንና የነፍስ አድን መድኃኒት ባለበት ክፍል ይሰጣል።

ስቴሮይድ ወደ ሕብለ ሰረሰር አካባቢ ሲሰጥ ጉዳዩ ይከብዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲህ ያለው መርፌ በብርቅ አጋጣሚ የዓይን ብርሃን ማጣትን፣ ስትሮክን፣ ሽባነትንና ሞትን ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቋል። እንደ ትራያምሲኖሎን ያሉት ስቴሮይዶች እንደ ደቃቅ አሸዋ ቅንጣት ስላላቸው ትንሽ የደም ቧንቧ ሊደፍኑ ይችላሉ። ንጽሕናም ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ በፈንገስ የተበከለ የስቴሮይድ መርፌ ከ60 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ለእኛ አገር ሁለት ነገር ይጨመራል፤ ከፈረንጅ ማስታወቂያ ተቀድቶ በተሠራ ቪዲዮ ላይ አይነሡም። አንደኛው ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ቲቢ አከርካሪን ይበላል፤ አልፎ አልፎም አንገት ላይ ይወጣል። ሌሊት የሚያልበው፣ የሚከሳ፣ ሌሊት ሕመሙ የሚብስበት ሰው ላይ ሳይመረመር ስቴሮይድ መስጠት በሽታውን ማገዝ ነው። ወጌሻም እንዲህ ያለውን አንገት ቢጠመዝዝ የተበላው አጥንት ሊሰበር ይችላል። ሁለተኛው የኤችአይቪ መድኃኒት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳይሠሩ ሲቀሩ ከሚታዘዙት ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒቶች ጋር የሚሰጠው ሪቶናቪር ትራያምሲኖሎንን ከሰውነት እንዳይወገድ ያግደዋል። አንድ መርፌ ለሳምንታት ተከማችቶ ፊት ያሳብጣል፣ ስኳርና የደም ግፊት ያወጣል። ታካሚው መድኃኒቱን በአፍረት ቢደብቅ የሚጎዳው ራሱ ነው። የስኳር ሕመምተኛም ከመርፌው በኋላ ለቀናት ስኳሩ እንደሚወጣ ይወቅ።

ጨርሶ መርፌ የማይጠብቁም አሉ። ትኩሳት ያለበት ግትር አንገት ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። እንጀራ ሲቆርስ ጣቱ የሚያመልጠው፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው፣ ሲሄድ የሚደናቀፍ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር የተሳነው ሰው ሕብለ ሰረሰሩ ተጨምቆ ሊሆን ይችላል። ለእሱ «ያለ ቀዶ ጥገና» የሚለው ቃል መዘግየትን እንጂ ሌላ አይጨምርለትም።

ከደጀን ወዲህ ያለው ምርጫ

ከመርፌ በፊት ያለው መንገድ ብዙ አልተሄደበትም። በክንድ የሚወርደው ሕመም በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ራሱ ይበርዳል። አንገት ላይ ለቀረው የአንገትንና የትከሻን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ በየቀኑ የሚሠራ እንቅስቃሴ ከሁሉ ቀድሞ ይመከራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል። እንቅስቃሴውን አንዴ ያሳየ ባለሙያ ከተገኘ ቀሪው መርጡ ለማርያምም፣ ቢቸናም፣ ሞጣም ቤት ውስጥ ይሠራል። ሌሊት ለሚነዝር ሕመም ሐኪም የሚያዝዘው ዝቅተኛ መጠን ያለው አሚትሪፕቲሊን አለ። መንገዱ ቀርፋፋ ነው፤ ቪዲዮም አይሠራበትም።

ይህ ተሞክሮ ሳይሆን ሲቀር ሪፈር ይመጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያው ጀምሮ ሪፈሩን ተከትሎ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወይም ባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች መሄድ ይጠበቅበታል። በማስታወቂያ ተስቦ በቀጥታ ወደ ግል ክሊኒክ የሄደ ግን ወጪውን ከኪሱ ይችላል።

ከመሄዱ በፊት በስልክ መጠየቅ ያለበት ጥቂት ነው። የትኛው ነርቭ ነው የሚታገደው፣ ለምንስ ያ ተመረጠ? በምስል እየታየ ነው የሚሰጠው? መድኃኒቱ ማደንዘዣ ብቻ ነው ወይስ ስቴሮይድ አለበት፣ ስሙስ? መርፌው ሕመሙን ለሁለት ሰዓት ብቻ ቢያቆመው ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ የነርቭ መተኮስ ከሆነ፣ ስሌቱ የአንድ ጉዞ ብቻ አይደለም። ሁለት የመፈተኛ መርፌ በሁለት የተለያየ ቀን፣ ከዚያ ሕክምናው፣ ነርቩ መልሶ ሲያድግም ከዓመት በኋላ እንደገና። የአባይን በረሃ በትንሹ አራት ጊዜ ደርሶ መልስ መሻገር ማለት ነው።